መንገዱ ሳይዘጋ፤ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለተራድኦ ተቋሞቻቸው ከከሚሴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን፣
ለኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የልማትና ማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚሽን፣
ለኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የማኅበራዊና ልማት ኮሚሽን፣
በከሚሴና በዙሪያዋ ላላችሁ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ፣
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በጦርነት ጊዜ ለችግረኛ ቤተሰቦች ስለሚሰጥ እህል

የተከበራችሁ አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የምኖረው ከሚሴ ነው። ከአስተማሪነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈራችንን የቅሬ መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ቅሬ የምለው አዲስ አበቤ እድር የሚለውን ነው። በመዝገቤ ላይ ማን እንደሞተ፣ ማን ባሏን እንደቀበረች፣ የማን መዋጮ ስንት ወር እንደተወዘፈ፣ ማን ተበድሮ መክፈል እንዳቃተው ሰፍሯል። የሃይማኖት ዓምድ ግን የለውም። ይግባ ያለም ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሬሳ ሲነሣ ወደየት እንደሚሄድ ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቀው መጻፉ ቀለም መጨረስ ነው።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው በፖስታ ልኬ መልስ ስላጣሁ አይደለም። አልላክሁም። ለአንዳችሁ ብልከው ሌላው «ለምን ለእነሱ?» ይላል። ለሦስታችሁም ለየብቻ ብልከው ሦስት ጊዜ ተሰብስባችሁ ሦስት ቃለ ጉባኤ ትይዛላችሁ። በአንድ ቀን ሁላችሁም ብታነቡት ይሻላል ብዬ ነው።

ለማታውቁን ላስተዋውቅ። ከሚሴ ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በአማራ ክልል ውስጥ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ባቲ፣ ዳዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋና ዳዌ ሐረዋ የዞኑ ወረዳዎች ናቸው። በደቡብ ሰንበቴና አጣዬ፣ በሰሜን ሐርቡና ኮምቦልቻ፣ ከአጠገባችን ቦርከናና የጨፋ ሜዳ አሉ። ከሕዝቡ በእጅጉ የሚበዛው ሙስሊም ነው። ገበያ ላይ አንዲት ሴት በኦሮምኛ የጀመረችውን ዋጋ በአማርኛ ትጨርሰዋለች። አገሩ ሁሉ ብዙና ጥቂት እያለ በሚቆጥርበት ዘመን እኛ ዘንድ ቆጠራው ይገለበጣል፤ በክልሉ ብዙ የሆነው ክርስቲያን እዚህ ጥቂት ነው፣ በክልሉ ጥቂት የሆነው ሙስሊም እዚህ ብዙ ነው። አስፋልቱ ግን ለሁላችንም አንድ ነው፤ የተዘጋ ቀን ለሁሉም ይዘጋል።

ጥቅምት 2014ን ከሚሴ ላይ ያሳለፈ ሰው ቀኑን ለማስታወስ ካሌንደር አይገልጥም። ከሰሜን በኩል የህወሓት ኃይሎች ደሴና ኮምቦልቻ ገቡ ተባለ። ወዲያው ራሱን የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ብሎ የሚጠራው፣ መንግሥት ሸኔ የሚለው ቡድን ከሚሴን ያዝኩ አለ። ጥቅምት 23 ቀን በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከተማችን ወደ መንግሥት እጅ እስክትመለስ ድረስ፣ ማለትም እስከ ኅዳር መጨረሻ አካባቢ፣ መብራት ሄደ፣ ስልክ ሄደ፣ ባንክ ተዘጋ። ባንክ ሲዘጋ ደመወዝተኛና የቀን ሠራተኛ እኩል ይሆናሉ። ጡረታዬ ደብተር ላይ ነበረ፤ ደብተር አይጋገርም።

ወቅቱን ገበሬ የሆነ ይረዳዋል። ጥቅምት ጎተራ የሚጠረግበት ወር ነው። የጨፋ ማሽላ ገና በማሳው ቆሞ ወፍ ይበላዋል፤ እሱን ለመጠበቅ ማማ ላይ የሚወጣ ልጅ ግን የለም። ተኩስ ባለበት ማን ልጁን ማማ ላይ ያወጣል?

በዚያ ሰሞን በሰፈራችን ካለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሴቶች ከመምሸቱ በፊት ቤቴ መጡ። ስማቸውንም የቤተ ክርስቲያኗንም ስም አልጠቅስም፤ እነሱም አይወዱም። ለኅዳር ንግሥ ድግስ ብለው ያስቀመጡት አራት ኩንታል ማሽላና ጥቂት ማሾ ነበራቸው። ታላቂቱ ተቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለችና፣

«ጋሼ፣ መዝገቡን ያሳዩን» አለችኝ።

«የቱን መዝገብ?»

«የቅሬውን። ምጣድ ያልተጣደበትን ቤት አንቱ ያውቃሉ፤ እኛ የምናውቀው የኛን ሰው ብቻ ነው።»

ሻማ አብርተን ገጽ በገጽ አየነው። ሕፃናት ያሉበትን፣ የታመመ የተኛበትን፣ ባል መንገድ ወጥቶ ያልተመለሰበትን ስንለይ 31 ቤት ሆነ። ከ31ዱ የእነሱ ሰው የሆኑት አራት ብቻ ነበሩ። ቁጥሩን አይተው ምንም አላሉም። ታናሺቱ ብቻ «ከአጥሩ ጥግ ያለችው ደካማ አሮጊትስ?» ብላ አንድ ያልተጻፈ ስም አስጨመረችኝ። አሮጊቲቱ መዋጮ ስላልከፈሉ ከመዝገቡ ያወጣኋቸው እኔ ነበርሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እሳቸው ሲጨመሩ 32 ሆኑ።

ማሽላው በጣሳ ተለክቶ በሰፈር ልጆች እጅ ከቤት ወደ ቤት ሄደ። ከማን እንደመጣ የጠየቀ ሰው «ከቅሬው» የሚል መልስ ነበር የሚያገኘው። ያንን ያሉት ሴቶቹ ናቸው፤ የእኔ ሐሳብ አልነበረም።

ነገሩን ማግነን አልፈልግም። አራት ኩንታል ለ32 ቤት ሲካፈል ለአንድ ቤት አሥራ ሁለት ኪሎ ተኩል ነው። በአገራችን የእርዳታ ልክ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል መሆኑን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እኛ ለአንድ ቤተሰብ የሰጠነው የአንድ ሰውን አልሞላም። ነገር ግን እህሉ የመጣው ሰው በቸገረው ቀን ነው። ሌላ ምንም በማይመጣበት ቀን።

ቀጥሎ የሆነውንም ልንገራችሁ፣ ደብዳቤውን የጻፍሁት ለእሱ ነውና። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ አንድ ስሙን የማልጠቅሰው ድርጅት በአንድ ቤተ ክርስቲያን በኩል ዱቄትና ዘይት ይዞ መጣ። መምጣቱ መልካም ነው፤ አላህ ይስጣቸው። መኪናው ግን የቆመው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው፤ ከአጥሩ በላይ ባነር ተወጠረ። ስም የሚጠራው ሌላ ከተማ ከተዘጋጀ ወረቀት ነበር። በወረቀቱ ላይ ከሞተ ዓመት የሞላው ሰው ተጠርቷል። የተጠራው ተቀባይ ደግሞ ዘይቱን ይዞ ወደ ካሜራ እንዲዞር ይደረግ ነበር። ከሰፈራችን አንዲት መበለት ሒጃቧን ወደ ፊቷ ጎትታ ፎቶ ተነሣች። ቤቷ ስትገባ ወሬው ቀድሟት ደርሷል፤ «ዘይቱ ሃይማኖት ያስለውጣል» ይላል። ወሬው ውሸት ነው፤ ማንም ማንንም አልለወጠም። ሴትየዋ ግን ዘይቱን ሳትከፍት ለሳምንት አስቀመጠችው። ከሁሉ የከፋኝ፣ በጥቅምት ማሽላቸውን ያካፈሉት ሁለቱ ሴቶች ያንን ሰሞን ገበያ ላይ ሰላምታ ሲነፈጉ ማየቴ ነው። አራት ኩንታል ማሽላ የሠራውን አንድ ባነር በአንድ ቀን አፈረሰው።

አውቃለሁ፣ ባነሩን የሰቀለው ሰው ክፉ አይደለም። ገንዘቡን የሰጠው ወገን ፎቶ ይፈልጋል፤ ፎቶ ካልተላከ ሪፖርት አይሞላም፤ ሪፖርት ካልሞላ በሚቀጥለው ጊዜ ገንዘብ አይመጣም። እኔም ለ35 ዓመት ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ስሞላ ኖሬአለሁ። ፎቶው ግን ከሚሴ ላይ ምን እንደሚያስከፍል ገንዘብ ሰጪው አያውቅም። እናንተ ታውቃላችሁ፤ ንገሩልን። በ1994 እ.ኤ.አ. ቀይ መስቀልና ትልልቅ የእርዳታ ድርጅቶች ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብ እርዳታ በዘርና በእምነት ሳይለይ እንደሚሰጥ፣ ለፖለቲካም ሆነ ለሃይማኖት ማራመጃ እንደማይውል ይናገራል። ተረጂም በፎቶና በማስታወቂያ ላይ ክብሩን የያዘ ሰው ሆኖ እንዲታይ ይላል። ደንቡን ካወጡት መካከል የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና ካሪታስ ነበሩበት። ከእናንተ ቤት የወጣ ደንብ ነው።

እናንተ ከዚህ የተሻለ ሠርታችሁ አይቻለሁ። በዓይኔ።

በ1977 ጀማሪ አስተማሪ ሆኜ ባቲ ተመድቤ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ የቀይ መስቀል ካምፕ ነበረ፤ ስለ እሱ ብዙ አልናገርም። አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም በአንድ ሸራ ሥር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ከሸራው ሥር የሚወጣው ሬሳ ይበዛ ነበር። ከዚያ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በየካቲት 1982፣ ምፅዋ በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። እህል የሚገባበት የሰሜኑ በር ተዘጋ፤ አሰብ ብቻ ቀረ። ትግራይ በህወሓት እጅ ናት፤ መንግሥት ደሴ ላይ ነው፤ ድርቁ ደግሞ በሁለቱም በኩል ነው። ያኔ የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ አጋሮቻቸው ጋር «ጆይንት ሪሊፍ ፓርትነርሺፕ» በሚባለው ኅብረት ሥር ሆነው፣ የሁለቱም ተዋጊዎች ፈቃድ ተገኝቶ፣ እህል የጫኑ መኪኖችን ከደሴ ወደ ሰሜን የጦር ግንባሩን አሻገሩ። ሥራውን «የደቡቡ መስመር» ይሉት ነበር። እህሉ ከአሰብ ተነሥቶ በሚሌ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው በባቲ ነው። በትምህርት ቤቱ መስኮት የመኪኖቹ ድምፅ በመጣ ቁጥር ልጆቹ ትምህርቱን ትተው ሲቆጥሩ አስታውሳለሁ። ዳገቱን በመጀመሪያ ማርሽ ሲያቃስቱ፣ በገርባና በደጋን አድርገው ሲጠፉ።

የታሪክ አስተማሪ ስለነበርሁ ያ ነገር ይገርመኝ ነበር። ከኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ፣ ማለትም ከ451 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ በአንድ ቃል ያልተስማሙ አብያተ ክርስቲያናት፣ ኋላ የመጡት ፕሮቴስታንቶች ተጨምረው፣ በስንዴ ተስማሙ! ከዚያም በፊት በ1965 የወሎ ረኃብ አብያተ ክርስቲያናትና ሚሲዮኖች ተሰብስበው ያቋቋሙት ኮሚቴ ነው ዛሬ ሲሲአርዲኤ ተብሎ ብዙ መቶ ድርጅቶችን ያቀፈው። የወሎ ረኃብ የወለደው ነው ማለት ነው። እኛ የእናንተ የጋራ የተራድኦ ሥራ የተጸነሰበት አገር ሰዎች ነን።

አንዳንዱ አንባቢ እዚህ ላይ ስለ ነጃሺ እንዳነሣ ይጠብቅ ይሆናል። አላነሣም። ሃይማኖቶች በተሰበሰቡ ቁጥር፣ ሻይ ከመቅረቡ በፊት፣ ነጃሺ ይነሣል፤ ከሻይ በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ከዛሬ 1400 ዓመት በፊት የተደረገ ደግነት የዛሬን እንግዳ አያበላም። ስለ ቅርቡ ማውራት ይሻላል። በነሐሴ 2013 ወልድያ ስትያዝ የሰሜን ወሎ ሀገረ ስብከት ሊቀ ጳጳስ ብፁዕ አቡነ ኤርምያስ ከተማውን ለቀው አልወጡም። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ፣ ከአራት ወር በላይ፣ ከሕዝቡ ጋር ኖሩ፤ ከተማውን በያዙት ኃይሎች ፊት ቆመው ስለ ነዋሪው ሲናገሩ ቆዩ። የወልድያ ሙስሊምም ክርስቲያንም ዛሬ ድረስ ስማቸውን በአክብሮት ያነሣል። ሰው የሚያነሣላቸው ከሁሉ በፊት መቆየታቸውን ነው።

ቤተ ክርስቲያን በጦርነት ጊዜ ያላት ትልቁ ሀብት እሱ ይመስለኛል፤ አለመሄድ። የድርጅት መኪና ጥይት ሲሰማ ይመለሳል፤ መመለሱም ትክክል ነው፣ ሹፌሩም የሰው ልጅ ነው። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ግን መኪና ላይ አይጫኑም። ስለዚህ የምለው ይህ ነው፤ እህሉም እንደ እናንተ እዚሁ ይኑር። መንገዱ ከተዘጋ በኋላ ወደ ከሚሴ የምትልኩት እርዳታ የለም፤ ከመዘጋቱ በፊት የገባው ብቻ ነው እርዳታ።

መንገዱ ደግሞ ይዘጋል። ከ2011 ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ መቁጠር ትቻለሁ። በሚያዝያ 2013 አጣዬ ተቃጠለች፤ ሰሜን ሸዋ፣ ደቡብ ወሎና የእኛ ዞን በአንድ ኮማንድ ፖስት ሥር ሆኑ። በዚያ ግጭት ከኦሮሞም ከአማራም ወገን ሰው ሞቷል፣ ከሁለቱም ወገን ሰው ተፈናቅሏል፤ ማን ጀመረ የሚለውን ለፍርድ ቤት እተወዋለሁ። በጥር 2015 በዚያው አካባቢ ዳግም ተኩስ ሆነ። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሌላ ጦርነት ውስጥ ነው። እዚህ መንገድ ላይ እህል የጫነ መኪና ሲያልፍ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ነው?» ተብሎ ነው፤ ምን እንደጫነ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ክርስቲያን ወዳጆቼ ይህን ሐሳብ ሳነሣባቸው አንድ መልስ ይሰጡኛል፤ እሱን ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። «እናንተ ብዙ ናችሁ፤ የናንተን ሰው መስጊዱም ዘመዱም ይደርስለታል። የኛን ጥቂት ሰው ማን ያስበዋል? ቤተ ክርስቲያን ለልጆቿ ቀድማ ብትሰጥ ምን ነውር አለበት?» ይሉኛል። አንዱማ፣ ብዙ ዘመን አብሮኝ ቡና የጠጣ ሰው፣ «አንተ በጦርነት ጊዜ ጥቂት ሆነህ አድረህ ታውቃለህ?» ብሎኛል።

አላውቅም። አልዋሽም። በዚያ በጦርነቱ ሰሞን ሌሊት በሬን እንደ እሱ አልዘጋሁም።

ነውርም የለበትም። እኛም ዘንድ ዘካ አለ፤ በቁርኣን ስምንት ዓይነት ተቀባይ ተዘርዝሮለታል፤ አብዛኞቹ ዑለማ ለሙስሊም የሚሰጥ ነው ይላሉ። ሶደቃ ግን ለጎረቤት ሁሉ ነው። ሁለት ኪስ ነው። እናንተም ሁለት ኪስ ይኑራችሁ። ምእመናችሁ ለምእመናችሁ የሰጠውን ለምእመናችሁ ስጡ፤ ማንም አይጠይቃችሁ። ለከሚሴ ችግረኛ ተብሎ የመጣው ግን ለከሚሴ ችግረኛ ይሁን። ሁለቱን ኪስ ያቀላቀለ ሰው ነው ወሬ የሚያመጣው።

ለወዳጄ የሰጠሁት መልስ ግን ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የተቀመጠ እህል የክርስቲያን እህል ከሆነ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ሲመጣ በሩ ላይ የሚቆሙት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። የሰፈር እህል ከሆነ ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል፤ ሽማግሌው፣ ኢማሙ፣ እንጀራ ሻጯ፣ ባጃጅ ነጂው። በእኛ አገር ደም ያፋሰሰን ነገር እንኳ በአበጋር፣ ማለትም በባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ነው የሚበርደው፤ አበጋር የሚሰማው ደግሞ የጋራ የሆነ ነገር ሲኖር ነው። ጥቂቱን የሚጠብቀው ግድግዳ አይደለም፤ ግድግዳ በአንድ ቦምብ ይፈርሳል። ጎረቤቱ የእኔም እህል እዚያ ውስጥ አለ ብሎ ማሰቡ ነው የሚጠብቀው። ወዳጄ ዝም አለ። ያሳመንሁት አይመስለኝም፤ ግን ቡናውን ጨረሰ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁን በግልጽ ላስቀምጥ።

ማሽላ በከሚሴ ዙሪያ የሚረክሰው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። የሰንበቴ እሑድ ገበያና የባቲ ሰኞ ገበያ ያን ጊዜ በእህል ይሞላሉ። በዚያ ወቅት፣ መንገድ ሳይዘጋና ዋጋ ሳይንር፣ እዚሁ ገዝታችሁ በጎተራ አስቀምጡ። ከጅቡቲ የሚመጣ ስንዴ አንጠይቅም። ሕዝቡ የሚበላው ማሽላ ነው፤ ገበሬውም ከእጁ ሲገዛለት ይጠቀማል። ነቀዝን በተመለከተ ሥጋት ያለው ሰው አለ፤ ልክ ነው፣ ማሽላ ይነቅዛል። አባቶቻችን ጉድጓድ ውስጥ ያቆዩት ነበር፤ ዛሬ አየር የማያስገባ ከረጢት ገበያ ላይ አለ። በየዓመቱ አዲሱ ተገዝቶ ሲገባ አሮጌው ለተማሪዎች ምገባ ይሰጥ። በየወረዳው ከተማ አንዳንድ መቶ ኩንታል ቢኖር ጦርነቱን አያቆመውም፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ግን ያሻግራል። ከልምዴ እንደማውቀው ሰው ልጆቹን ይዞ በእግሩ ወደማያውቀው አገር የሚወጣው በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ነው።

ጎተራው ሦስት ቁልፍ ይኑረው። አንዱ በቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ በመስጊድ ኮሚቴ፣ አንዱ በቅሬ እጅ። ሙዳየ ምጽዋታችሁ ሲከፈት አንድ ሰው ብቻውን እንደማይቆጥረው እኛም እህላችንን አንድ ሰው ብቻውን አይከፍትብን። ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። አንዱ ከተማውን ለቆ ቢወጣ ቁልፉን ለማን ትቶ እንደሚወጣ ከወዲሁ ይጻፍ፤ በጥቅምት 2014 የቀበሌውን መጋዘን ቁልፍ የያዘው ሰው ደብረ ብርሃን ገብቶ እንደነበር አንረሳም።

ዝርዝሩን ከእናንተ ጽሕፈት ቤት አታምጡብን። ሰኔ 2015 የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ ኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ ማቆማቸውን ታስታውሳላችሁ፤ እህሉ ለታሰበለት ሰው ሳይደርስ ሌላ ቦታ እየዋለ ነው ተብሎ። ሌባው ሲሰርቅ የተራበው ተቀጣ። ያ ሁሉ የሆነው እኮ ማኅተም ባለው ዝርዝር ነው። ሰፈር ያላየው ዝርዝር ይሰረቃል። የእኔ መዝገብ ቅዱስ ነው አልልም፤ አሮጊቲቱን እንዴት እንዳወጣኋቸው ነግሬአችኋለሁ። ነገር ግን በየወሩ በሰፈሩ ሰው ፊት ይነበባል፣ ስሕተቱም ያን ጊዜ ይወጣል። እንደዚያች ታናሽ ሴት ከጎን ሆኖ «እገሌስ?» የሚል ሰው ያለበት ዝርዝር ይሻላል። ኦዲተር ላኩ፣ የተቀባዩን የጣት አሻራ ይቁጠር፣ ከፈለገ ቤት ለቤት ይዙር። ፎቶ ግን አያንሳ።

ስለ ውጭ ገንዘብም አንድ ቃል ልበል። በጥር 2017 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን አቆመች፤ ሰኔ ላይ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። ከእናንተ ጋር የሚሠሩ ብዙ ድርጅቶች ሠራተኛ እንደቀነሱ ሰምተናል። እኔ ግን የምጠይቀው ዶላር የሚጠብቅ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ያለች አንዲት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን በአንድ የንግሥ ቀን የምትሰበስበው ገንዘብ የአንድን ወረዳ ጎተራ የሚሞላ ይመስለኛል። ድግሱን ተዉ አላልኩም። እነዚያ ሁለት ሴቶች የንግሡን እህል ሲያወጡ «ዘንድሮ ባዶ እጃችንን እናነግሣለን» ነበር ያሉኝ። ኅዳር ላይ እንዳሉት አደረጉ፤ ማሽላው ከደረሳቸው የሰፈሩ ሰዎች መካከል ሁለት ሙስሊም ሴቶች ደግሞ ጀበና ይዘው ከደጃፋቸው መጡ። ቡናው የተጠጣው ከአጥሩ ውጭ ነው፤ ሁሉም ደንቡን ያውቃል።

ሐሳቤን በሥራ ልታዩት ከወደዳችሁ አንድ ቀበሌ ላይ ሞክሩት። ከአዲስ አበባ ሰው ለመላክ መንገዱ ካሰጋችሁ እዚሁ ያሉት ካህናታችሁና ሽማግሌዎቻችሁ ይበቃሉ፤ ከእኛ ኢማሞች ጋር ድሮም በለቅሶ ቤት ይገናኛሉ። መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቤቴ እገኛለሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሻላል ካላችሁም እኔው ይዤው እመጣለሁ። ገጾቹ በሻማ ስለተነበቡ አንዳንድ ቦታ ሰም ፈስሶባቸዋል፤ ስሞቹ ግን ይነበባሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቅሬ ጸሐፊ፣ ከሚሴ

ግልባጭ፦
ለኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የእስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት፣
ለዞኑ የአደጋ መከላከልና ምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤት (ጎተራው ሲሞላ ለሌላ ጉዳይ እንዳይጠየቅ አደራ)፣
ለሰፈራችን ቅሬ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እንዲነበብ